አራት ደረጃ ዝቅ

«ጋይድ ማለት መንገድ ማሳያ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ ለሦስተኛ ጊዜ። «መንገድ ያሳየ ሰው ደግሞ አሳይቶ ዞር ይላል። ጎዳናው መሀል ተገትሮ አይቀርም።»

ቢሻው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ገመድ የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ። የጠፋ ገመድ አልነበረም። ቀና ካለ ዓይን ለዓይን መተያየት ሊመጣ ነው፤ የሸሸው እሱን ነው።

ጎረቤቱ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሚንሃጅ ጠቡን ከግድግዳው ማዶ ሲከታተል ቆይቶ አላስችል ስላለው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ በበሩ ብቅ አለ።

«ጎዳናው እኮ ሰፊ ነው ጋሽ ተክሌ። ሁለት ሰው ያሳልፋል።»

«አንተ ጨርቅህን ለካ።»

«እሱንማ እጄ ይለካል። ሥራ የፈታው ጆሮዬ ነው።»

ጋሽ ተክሌ አልሳቁም። ሌላ ቀን ቢሆን ሚንሃጅን በቀልድ ገርፈው ገርፈው ነበር የሚለቁት። ዛሬ ግን ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ሁለት እጃቸውን እጀታው ላይ ደራርበው፣ ከተቀመጡበት ዱካ ንቅንቅ አላሉም። የመጡት ቁርጡን ለማወቅ ነው። ቁርጡም ይኸው ነበር፤ በአልበሙ ላይ የሚሰማው ድምፅ የማን ይሁን?

ቢሻው ቦንጋ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ዘፈን ይገለብጣል፣ ለስልክ ይጭናል፣ የተበላሸ ቴፕ ይጠግናል። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለብጦ፣ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ማይክሮፎንና ኪቦርድ ደርድሮ ስቱዲዮ ብሏታል። ሚሌኒየሙ ከተከበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ኪቦርድ የሚመታበት ሠርግ በሌለበት ጊዜ ሁሉ እዚያ ተሸሽጎ በኮምፒውተር ብቻ የተቀነባበሩ፣ አንድ አልበም የሚሞሉ ዘፈኖች ሠርቷል። ከበሮው ከበሮ አይደለም፤ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲንኳኳ በስልክ ቀድቶ፣ ቆራርጦ የደረደረው ነው። ጸናጽል የሚመስለውም በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፤ ቦንጋ ላይ ዝናብ ለመቅዳት ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም።

በዘፈኖቹ ላይ ያለው ድምፅ የራሱ የቢሻው ነው። ሲጀመር እንዲህ አልታሰበም። ሊዘፍኑ የታሰቡት ጋሽ ተክሌ በግብርና ጽሕፈት ቤት ስለሚሠሩ ለመስክ ሥራ ወደ ደካ ወጡ፤ እስኪመለሱ ዜማው እንዳይረሳ ቢሻው ራሱ ዘፍኖ ቀዳው። ዘፋኙ ሲመጣ ያንን እየሰማ ያጠናል፣ የራሱን ይቀዳል፣ የመጀመሪያው ይደመሰሳል። ጋይድ የሚባለው ይኼ ነው። ጋሽ ተክሌ ከደካ ተመለሱ፤ ቢሻው ግን አልደመሰሰም። ለመደምሰስ በተቀመጠ ቁጥር መልሶ ያዳምጠዋል። ቀጭን ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ማንንም አይመስልም። በሰው ዘፈን ጀርባ ሲመታ የኖረ ሰው ድንገት የራሱን ፊት መስታወት ውስጥ እንዳየ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አይዘልቅለትም፤ ምግብ ቀርቦለት ይነሳል፣ ደጅ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ የዘጋውን ኮምፒውተር እንደገና ይከፍታል።

«ድምፅህ መጥፎ ነው አላልኩም» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ለሻወር ይሆናል። አልበም ግን ሌላ ነገር ነው። አማርኛህም ገና ከጫካው አልወጣም።»

«እርስዎስ ዋጫ ተወልደው በየት በኩል ወጡ?» አለ ሚንሃጅ።

«አንተ አሁንም አለህ?»

ሚንሃጅ ወደ ሱቁ ገባ፤ ጆሮው ግን እንደቀረ ሁለቱም ያውቃሉ።

ቢሻው በመጨረሻ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ዘፈኖቹ ለእኔ ጉሮሮ ነው የተሠሩት።»

«እንግዲያው እንለካ። ነገ ከቢሮ መልስ እመጣለሁ። አንዱን እዘፍነዋለሁ። ካልበለጥኩህ ዝም እላለሁ፤ ከበለጥኩህ ግን የአንተ ይደመሰሳል።»

እምቢ የሚባል ጥያቄ አልነበረም። የአዲስ አበባውን የሙዚቃ አከፋፋይ ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ አብሮ አደጋቸው ነው። «ጥሩ ነገር አለኝ ብለሃል፤ በል ሰኞ ልጁን ላከው» ያለው ለእሳቸው ነው። ሰውየው የሚጠብቀውም የሚያውቀውን የተክለጻድቅን ድምፅ ነው። አንድ ስልክ ቢደውሉ ነገሩ ሁሉ ገና የጎጀብን ወንዝ ሳይሻገር ያልቃል።

ከዚያም ሌላ ውለታ አለ። ጋሽ ተክሌ በደርግ ጊዜ የአውራጃው ኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበሩ። መንግሥት ተለውጦ ቡድኑ ሲበተን እሳቸው ሠርግ ላይ መዝፈን ያዙ። ሬዲዮ ሲጠግን ያገኙትን ቢሻውን «እጅህ ጆሮ አለው» ብለው ከወንበሩ አስነሡት። ኪቦርዱንም ከጅማ ቦንጋ ድረስ በጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን አስተኝተው አመጡለት። ከዚያ ወዲህ በካፋ ምድር የሁለቱ ስም ተለያይቶ ተጠርቶ አያውቅም።

ግን ቢሻው ጠቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨርሰው ይችል ነበር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ጉሮሮው ውስጥ ይዟት ኖሯል።

ከዓመታት በፊት ክረምት ላይ ቢታ ገነት ለሠርግ ሄደው ጋሽ ተክሌን ብርድ መታቸው። ድምፃቸው ወደ ላይ አልወጣ አለ። ኪቦርዱ ላይ የዘፈኑን ቶን፣ ማለት የመነሻ ከፍታውን፣ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለ፤ ቢሻው ሳያስታውቅ አንዴ ጫን አደረገው። ዘፈኑ አንድ ደረጃ ወረደ፣ ጋሽ ተክሌም ተደላድለው ዘፈኑ። ብርዱ ሲለቃቸው ቢሻው ሊመልሰው ሞከረ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። በተከታዩ ዓመት ሁለት አደረገው። ከዚያ ሦስት። አሁን አራት ነው። የኪቦርዱ መስታወት ጥግ ላይ ያንን የምታሳይ ትንሽ ቁጥር አለች። መስታወቱ ተሰንጥቋል ብሎ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባት። ኪቦርዱ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ በየሠርጉ፣ መብራት በተቋረጠ ቁጥር፣ ጣቱን በፕላስተሩ አጠገብ ሰዶ አራት ጊዜ ይጫናል። ጋሽ ተክሌ ግን በየድግሱ፣ እኩዮቻቸው ሁሉ ድምፃቸው ሲዘጋ የእሳቸው እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ መኖሩን እያነሡ ይኩራራሉ። ባለቤታቸው እትዬ የሺሃረግም ጉሮሯቸውን የጠበቀው ማር ነው ይላሉ።

በማግሥቱ ቢሻው ሱቁን ሦስቴ ከፍቶ ሦስቴ ዘጋ። አንዴ ቁርጥ አድርጎ ሊነግራቸው ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ መንገድ ጀመረ፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ስብሰባ ላይ ይሆናሉ ብሎ ለራሱ ነግሮ ተመለሰ። ደግሞ ተቀምጦ፣ ዘፈኖቹን በኮምፒውተር ዝቅ አድርጎ እንደ ኪቦርዱ በዝምታ ሊያስተካክልላቸው አሰበ። ጣቱን ማውሱ ላይ አሳረፈ። አላደረገውም። ሠርግ ላይ ያደረገውን እዚህ ካደረገው የራሱን ድምፅ በገዛ እጁ ሊቀብር ነው። ለምን ሠርግ ላይ ቀላል የነበረው እዚህ እንደከበደው ራሱን ጠየቀ፣ መልሱን ግን መስማት አልፈለገም፤ ተነሥቶ ንጹሑን ጠረጴዛ መጥረግ ጀመረ።

ጋሽ ተክሌ ከቢሮ መልስ መጡ። የሠርግ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ኪሳቸው ውስጥ ዝንጅብል አለ። ገና ከመግባታቸው መብራት ጠፋ። ሚንሃጅ ሳይጠየቅ የሱቁን ጄኔሬተር ቀሰቀሰና ገመዱን በመስኮት አሳለፈላቸው።

ያ ጄኔሬተር የአልበሙ አባት ነው ማለት ይቻላል። መብራት ስለማይገኝ አብዛኛው የተቀዳው በእሱ ነው፤ ጉርምርምታውም ግድግዳ ዘልቆ በማይክሮፎኑ ይገባል። ቢሻው ሊያወጣው ቢታገል አልወጣ ስላለው አብሮት መኖርን መረጠ፤ ዘፈኖቹን ሁሉ ጄኔሬተሩ በሚያጉረመርምበት ቶን ላይ አዋቀራቸው። እዚያ ላይ ሲቀመጡ ጉርምርምታው ሆን ተብሎ የገባ ባስ ይመስላል።

ጋሽ ተክሌ ዝንጅብላቸውን አኝከው፣ ጆሮ ማዳመጫውን ደፍተው ጀመሩ። የመጀመሪያው ስንኝ አማረ። እንዲያውም ከቢሻው በለጠ፤ እሱ የሚጎትተውን ቃል እሳቸው በወጉ አስቀመጡት። ከዚያ ዜማው ወደ ላይ ወጣ፣ እሳቸውም ተከትለው ወጡና መሀል ላይ ድምፃቸው እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ቀጭ አለ።

ሳሉ። «እንደገና።»

እንደገናም እዚያው ላይ ተሰበረ። ማይክሮፎኑን አሙ፣ የጄኔሬተሩን ጭስ አሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቅታቸው ማዳመጫውን አወለቁ።

«ዝቅ አድርገው። ለሰው ልክ አድርገው እንጂ፣ ይኼ ለወፍ የተሠራ ነው።»

«ከጄኔሬተሩ ጋር ይጣላል ጋሼ። ድምፅዎን ስንቀዳ ጉርምርምታው አብሮ ይገባል፤ ቶኑ ከተለወጠ ይረበሻል።»

«ዘፋኝ ለጄኔሬተር ሲገዛ ዛሬ አየሁ» አሉና ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «ጄኔሬተሩን አታሳብብ። ጉሮሮዬ ያው ጉሮሮዬ መሆኑን ላሳይህ። የሙሽራ ማስገቢያችንን ምታ። ችግሩ ዘፈኑ ነው ወይስ ተክለጻድቅ፣ እናያለን።»

ቢሻው ደስ ብሎት ወደ ኪቦርዱ ዞረ። ሽንፈታቸውን ማየት አስጨንቆት ስለነበር ቢያንስ በገዛ ዘፈናቸው ይጽናኑ ብሎ ተጣደፈ። መብራት መጥፋቱን፣ ኪቦርዱ ከጠፋ በኋላ ገና በጄኔሬተር መነሣቱን አላሰበም። ለዓመታት እጁ ሳያስበው ያደርገው የነበረውን ያን ጊዜ እጁ ረሳው። ጣቱን በፕላስተሩ አጠገብ ሳይሰድ መግቢያውን መታ።

ጋሽ ተክሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ገቡ። ገና በሁለተኛው ስንኝ ግንባራቸው ተቋጠረ። ሙሽራዋን የሚጠሩባት ቦታ፣ በየሠርጉ እልልታ የሚቀልጥባት ቦታ ላይ ደረሱና ድምፃቸው እዚያው ቀጭ አለ።

ቢሻው መምታቱን አቆመ። ጄኔሬተሩ ብቻ ቀረ።

ጋሽ ተክሌ ዓይናቸውን ገለጡ። ቢሻውን አላዩም፤ ያዩት እጁን ነው። የቢሻው ግራ እጅ ሳያስበው ወደ ፕላስተሩ ሄዶ፣ እዚያው አየር ላይ ቆሞ ነበር። ተነሥተው መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ከጥጉ አንሥተው ቀስ ብለው ላጡት። መስታወቱ አልተሰነጠቀም።

«ዜሮ ይላል።»

«አዎ።»

«ሠርግ ላይ ስንት ነው የሚለው?»

«አራት። አራት ዝቅ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቢታ ገነቱ ሠርግ። ያኔ አንድ ነበር።»

ጋሽ ተክሌ ፕላስተሩን በጣታቸው መሀል እያንከባለሉ ቆሙ።

«ጥርሴ ሲወልቅ ጥርሴ ነገረኝ» አሉ። «ፀጉሬ ሲሸብት መስታወት ነገረኝ። ይኼንን ግን የሚነግረኝ አንተ ብቻ ነበርክ። አንተ ደግሞ ፕላስተር ለጠፍክበት።»

«ላዋርድዎ ብዬ አይደለም ጋሼ።»

«አላዋረድከኝም። አሞኘኸኝ። ድግስ ላይ ስንቱን እኩያዬን በድምፄ ሳቅሁበት።» ፕላስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እሑድ ዋጫ ሠርግ አለብን። ሰዓት እንዳታሳልፍ።»

ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። በሩን እንደ ሁልጊዜው በቀስታ ነው የዘጉት፤ ቢሻው ቢያጋጩት ይሻለው ነበር።

ቅዳሜን ቢሻው ቆሞ ዋለ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከአዲስ አበባ መሰለው። አከፋፋዩ «አትምጣ» ሊለው ነው ብሎ ቁርጡን ጠበቀ፤ ማንም አልደወለም። ማምሻውን የአልበሙን ሲዲ ልብሱ መሀል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ከተተ፣ ደግሞ አወጣው፣ መልሶ ከተተ። ሚንሃጅ በበሩ ቆሞ አየውና ዛሬ አልቀለደም፤ ሰኞ ለጉዞ የሚሆን ሸሚዝ ከፈለገ ከሱቁ መርጦ እንዲወስድ ብቻ ነግሮት ሄደ።

እሑድ ጠዋት ስፒከሮቹን ሚኒባስ ላይ ጭነው ወደ ዋጫ ተነሡ። ጋሽ ተክሌ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሾፌሩ ፍሬን አወሩ። ሾፌሩን ሲያስቁት ቢሻው ከኋላ ኪቦርዱን በጭኑ ይዞ የሚጠብቀው ቃል መቼ እንደሚመጣ ያደምጣል። እንሰቱና ቡናው በመስኮት ያልፋል፣ ጉም ከጫካው ይነሳል፣ ቃሉ አይመጣም።

ዋጫ ሊደርሱ ሲሉ ጋሽ ተክሌ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ጀመሩ።

«ለአዲስ አበባው ሰውዬ ትናንት ደወልኩለት።»

ቢሻው ኪቦርዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ምን አሉት?»

«ዘፋኙ ሌላ ነው አልኩት። ማነው አለኝ። ጄኔሬተር ነው አልኩት።»

ሾፌሩ ነገሩ ባይገባውም ሳቀ።

«ሰኞ ይጠብቅሃል» አሉ ጋሽ ተክሌ። ከዚያ ስለ ፍሬኑ ቀጠሉ።

ሙሽራው የዋጫ አስተማሪ ስለሆነ ዳሱ በመምህራንና በተማሪ ወላጆች ተሞልቷል። ሰማዩ ደመና ይዞ ነበር፤ በዳሱ ጎን ያለውን ሸራ ለአየር ብለው ከፍ አድርገው አስረውታል። ቢሻው ገመዶቹን አገናኘ። ኪቦርዱን ሲያበራ ቁጥሩ ራቁቱን ዜሮ ብሎ ወጣ። ጋሽ ተክሌ ጎንበስ ብለው አዩት።

«አራት ዝቅ ላድርገው ጋሼ» አለ ቢሻው በሹክሹክታ። «ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

ሙሽሮቹ ገቡ። ቢሻው መግቢያውን በዜሮ መታ። ጋሽ ተክሌ እንደ ወትሮው አልጨፈኑም። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ዝቅ አድርገው፣ እየተናገሩ ያህል ዘፈኑ። ያቺ ከፍታ መጣች። ጋሽ ተክሌ ግን አልወጡባትም፤ ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አንሥተው ወደ እንግዶቹ ዘረጉት። ሴቶቹ ተቀበሉና ሙሽራዋን እነሱ ጠሯት። እልልታው ዳሱን አናወጠው። ማንም የጎደለ ነገር አላየም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሽ ተክሌ ላባቸውን ጠረጉ።

«ቀጣዩን ይኼ ልጅ ይዘፍናል» አሉ በማይክሮፎኑ። «ለዓመታት ሲደብቀን የኖረ ልጅ ነው። መደበቅ ይችልበታል።»

ሰው ሳቀ። ማይክሮፎኑን በመቆሚያው ላይ ሰክተው፣ ለቢሻው አፍ ልክ ዝቅ አድርገው ብሎኑን አጠበቁለትና ወርደው ከኋላ ረድፍ ተቀመጡ። አንድ ብርሌ ጠጅ ቀረበላቸው።

ቢሻው ስልኩ ላይ የጫነውን የራሱን ምት ለቀቀው። የመፈልፈያው ማሽን በትልልቆቹ ስፒከሮች ሲንኳኳ እንግዶቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ዝናቡ ተከተለ። ቢሻው ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግቶ ገባ። በመጀመሪያው ስንኝ ማንም አልተነሣም። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡና፣ «ይኼ የእኛው የቡና ማሽን አይደለም እንዴ?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ሰው ጎሸም አደረጉት። ሰውየው ሳቀ። ሽማግሌው ሳቁን እስኪጨርስ ሳይጠብቁት ተነሥተው፣ ማሽኑ በተንኳኳ ቁጥር ትከሻቸውን እየመቱ ወደ መሀል ወጡ። ሙሽራው ተከተላቸው። ከዚያ ወጣቶቹ፣ ከዚያ አስተማሪዎቹ፤ ወንበር ወደ ኋላ ተገፋ፣ ክቡ ተሠራ፣ አቧራው ተነሣ።

ቢሻው ወደ ከፍታው ወጣ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ደረሰ።

በጨፋሪዎቹ ትከሻ መሀል ኋለኛው ረድፍ አንዴ ይታየዋል፣ አንዴ ይሰወርበታል። ሲታየው ጋሽ ተክሌ ብርሌውን ከወንበራቸው እግር አጠገብ ሲያስቀምጡ አየ፤ አልተጠጣም። ሲሰወርበት ቆየና እንደገና ሲታየው ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ጃንጥላቸውን ከዳሱ ምሰሶ አነሡ። ክቡ እስኪያልፍ ትንሽ ታግሰው ጠበቁ፣ አንዲት የምትጨፍር ልጅ እንዳትመታቸው ዘወር አሉላት፣ ከዚያ ከፍ ተደርጎ በታሰረው ሸራ ሥር አጎንብሰው ወጡ። ከሸራው ማዶ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ማዶ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ይታያል።

የቢሻው ግራ እጅ ቁልፎቹ ላይ ነው፣ አፉ ማይክሮፎኑ ላይ። ቀጣዩ ስንኝ ደርሶ ነበር፤ ገባበት።

አንድ ሚዜ ላብ አጥምቆት መጥቶ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። ብርሌውን አገኘው፣ ጠጣው። ዝናብ ጀመረ። አንድ ሰው ውኃ እንዳይገባ ሸራውን ፈትቶ አወረደው።